ስንት ላይክ አለው?

ሻይ ቤት ውስጥ ሁለት ወጣቶች አንድ ስልክ ላይ አጎንብሰዋል። አንዱ ስለ ወረዳው ጉዳይ የተለጠፈ ጽሑፍ ሊያነብ ሲጀምር ጓደኛው ያቋርጠዋል፦ «ቆይ፣ ስንት ላይክ አለው?» ጥያቄው በአዊ ዞን ከተሞች፣ በአዘናም፣ በእንጅባራም፣ በዳንግላም እንግዳ አይደለም። በሽምግልና የተቀመጠ ሰው ቃሉ የሚመዘነው በሚያውቁት ሰዎች ፊት ነው፤ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ከዚህ በፊት የመሰከረው እውነት ሆኖ መገኘት አለመገኘቱን ታዳሚው ያውቃል። ስልክ ላይ ግን ጸሐፊው ስለማይታወቅ ምስክሩ ቁጥሩ ይሆናል።

ይህ ምስክር ምን ያህል ይታመናል? እ.ኤ.አ. በ2013 በ«ሳይንስ» መጽሔት የታተመ ጥናት ይህን በሙከራ ፈትሾታል። ተመራማሪዎቹ በአንድ የዜና መወያያ ላይ ከ100 ሺህ በላይ አስተያየቶችን ወስደው፣ በዕጣ ለተመረጡት ገና እንደተለጠፉ አንድ የድጋፍ ድምፅ ሰጧቸው። ያቺ አንዲት ድምፅ የመጨረሻ ውጤታቸውን በአማካይ በ25 በመቶ አሳደገችው። ያለአግባብ የተቃውሞ ድምፅ የተሰጣቸውን ግን ሌሎች ደርሰው አቃንተውላቸዋል። ሰው የተነቀፈን ለመካስ ይፈጥናል፤ የተወደሰን ለመጠራጠር ግን ይዘገያል።

ፌስቡክ ላይክን ያመጣው በ2001 ዓ.ም. ነው። የኩባንያው የውስጥ ሰነዶች እንዳሳዩት፣ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የቁጣ ምልክት በደረጃ አሰጣጡ ከላይክ አምስት እጥፍ ይቆጠር ነበር፤ ክብደቱ ወደ ዜሮ የወረደው በ2020 ነው። በእነዚያ ዓመታት አንድን የጥላቻ ጽሑፍ ለማውገዝ የቁጣ ምልክት የነካ አንባቢ ጽሑፉ ለብዙዎች እንዲታይ ሳያውቀው አግዟል። ሰነዶቹን ያወጣችው የቀድሞ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን መስከረም 25 ቀን 2014 ዓ.ም. በአሜሪካ ሴኔት ፊት ቀርባ ይህ አሠራር በኢትዮጵያ የብሔር ግጭትን እያቀጣጠለ ነው ብላለች።

ቁጥር በአገራችን ሕግም ገብቷል። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨን ሰው እስከ 1 ዓመት እስራት ወይም እስከ 50 ሺህ ብር መቀጮ ይቀጣል። ድርጊቱ የተፈጸመው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከሆነ እስራቱ እስከ 3 ዓመት፣ መቀጮውም እስከ 100 ሺህ ብር ይደርሳል። ሕጉ ብዙ ተከታይ ያለው ብዙ ያጠፋል ከሚለው ግምት ተነስቷል። ግምቱ ተገቢ ነው፤ ተከታይ በገንዘብ እንደሚገዛ ግን መዘንጋት የለበትም።

ቁጥሩን መደበቅስ? ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 የ«አልወደድኩትም» ድምፆችን ቁጥር ከሕዝብ ዕይታ አውጥቷል፤ ምክንያቱ በዘመቻ የሚደረግን ጥቃት መቀነስ ነበር። ተመልካቹም ሌሎችን የሚያስጠነቅቅበትን አንድ መንገድ አጣ።

ከሁሉ የሚከብደው ጭራሽ ያልተቆጠረው ሰው ጉዳይ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆየ። ስለ ክልሉ የሚደረገው ክርክር ግን አልቆመም፤ አዲስ አበባና ውጭ አገር ያሉ ሰዎች ጻፉ፣ ላይክ አደረጉ፣ ሼር አደረጉ። የቀበሌያቸውን ሁኔታ በዓይናቸው ያዩት የአዊ ነዋሪዎች «ይህ ውሸት ነው» የሚሉበት መስመር አልነበራቸውም። ኢንተርኔቱ ሲመለስ የጠበቃቸው፣ ሺህ ላይኮች የተደረደሩበት፣ እነሱ ያልመሰከሩበት ክርክር ነበር።