የሙታን መንፈስና የለንደን ግንብ፦ ትረካው ከየት መጣ?

መግቢያ

ብዙ ዘመን ያስቆጠሩ ግንቦች፣ ወህኒ ቤቶችና የመቃብር ስፍራዎች ከተጻፈው ታሪካቸው ጎን ለጎን ሌላ የሚነገር ታሪክ አላቸው። ይኸኛው ታሪክ ሌሊት ስለሚሰማ ኮቴ፣ ሰው በሌለበት ክፍል ስለሚታይ ብርሃን፣ ከሞቱ ዘመናት ስላለፋቸውና «ታዩ» ስለሚባሉ ሰዎች ይተርካል። ተራው ሰሚ መጀመሪያ የሚያነሳው ጥያቄ «እውነት ነው ወይ?» የሚል ነው። የሥነቃል አጥኚ ግን ከዚህ ጋር ሌሎች ጥያቄዎችንም ማንሳት ይኖርበታል። ትረካው መቼ ተጀመረ? ከማን አንደበት ወጣ? በየትኞቹ ጽሑፎች ውስጥ አለፈ? ስለ ማን ተተረከ፣ ስለ ማንስ ሳይተረክ ቀረ?

ይህ ጽሑፍ እነዚህን ጥያቄዎች በለንደን ግንብ (ታወር ኦፍ ለንደን) ትረካዎች ላይ ተመሥርቶ ለመመልከት ይሞክራል። ስፍራው የተመረጠው «መንፈስ ይታይበታል» ከሚባሉት የዓለም ጥንታዊ ሕንጻዎች መካከል ስመ ጥር በመሆኑ ብቻ አይደለም። ከትረካዎቹ የተወሰኑት መቼና በማን እንደተጻፉ ስለሚታወቅ፣ አፈታሪክ እንዴት እንደሚያድግ ደረጃ በደረጃ ለማየት ያስችላል። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

1. የስያሜ ጉዳይ

ወደ ትረካዎቹ ከመግባታችን በፊት ስለ ቃላት ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። አማርኛችን ስለማይታየው ዓለም የሚናገርበት የቃላት ሀብት ሰፊ ነው። ጋኔን፣ ጅን፣ ዛር፣ ቆሌ፣ አድባር የሚሉትን መጥቀስ ይበቃል። ልብ ሊባል የሚገባው ግን እነዚህ ስሞች በአብዛኛው የሞተን ሰው መንፈስ የማያመለክቱ መሆናቸው ነው። አድባር የአካባቢው ጠባቂ ተደርጎ ይታሰባል። ዛር በሰው ላይ ይሰፍራል። ጋኔን በወንዝ ዳር ወይም ሰው በማይኖርበት ፍርስራሽ ይገኛል ይባላል። እንግሊዞች «ጎስት» ለሚሉት የሚቀርበው «የሙት መንፈስ» የሚለው ሐረግ ነው። በንግግር «ጣረሞት» የሚለውም ይሰማል፤ ይህ ቃል ግን ከግእዙ «ጣዕረ ሞት» የመጣ በመሆኑ መሠረታዊ ፍቺው የሞት ጭንቅ ነው።

ልዩነቱ የቃላት ብቻ አይደለም። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ የሙት መንፈስ በመንጽሔ ያለች፣ ጸሎትና ቅዳሴ የምትለምን ነፍስ እንደሆነች ይታመን ነበር። የሁለቱ እምነቶች አስተምህሮ አንድ ነው ባይባልም፣ ሕያዋን ለሙታን ያለባቸውን ግዴታ ተዝካር በማውጣትና ሙት ዓመት በማሰብ ለሚወጣ ሕዝብ ይህ አስተሳሰብ እንግዳ አይሆንበትም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የመንጽሔን ትምህርት ስትሽር የሙት መንፈስ መምጫው ጠፋ። ነፍስ ከገነት ወይም ከሲኦል የማትወጣ ከሆነ «ታየ» የሚባለው ሰይጣን መሆን አለበት ተባለ። በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም በአማርኛ የምናውቀው ሐምሌት የአባቱን መንፈስ ካየ በኋላ የሚጠራጠረው በዚሁ ምክንያት ነው። ያየው አባቱ ይሁን አሳሳች ሰይጣን እርግጠኛ መሆን አልቻለም። የለንደን ግንብ ዝነኛ ሟቾች የሞቱትም ይህ ክርክር በተፋፋመበት ዘመን ነው።

2. የመጀመሪያው መንፈስ፦ ግንብ አፍራሹ ቅዱስ

የለንደን ግንብ እምብርት የሆነውን «ነጭ ግንብ» ያስጀመረው እንግሊዝን በ1066 ድል ያደረገው ቀዳማዊ ዊልያም ነው። ሥራው በ1070ዎቹ ተጀምሮ በመጨረሻ የተሸነፈችውን ከተማ ከላይ ሆኖ የሚቆጣጠር ምሽግ ሆነ። ግንቡ ከዚያ ወዲህ ቤተ መንግሥት፣ ግምጃ ቤት፣ የጦር መሣሪያ ማከማቻና ወህኒ ሆኖ አገልግሏል።

ከስፍራው ጋር ከተያያዙት የመንፈስ ትረካዎች በዕድሜ አንጋፋ ከሆኑት አንዱን የጻፈው የቅዱስ አልባንስ ገዳም መነኩሴና ታሪክ ጸሐፊ ማቲው ፓሪስ ነው። ንጉሥ ሄንሪ 3ኛ ግንቡን ሲያስፋፋ አዲሱ በር በ1240 ፈረሰ። እንደገና ተሠርቶ በ1241 በዚያው ወቅት ዳግመኛ ፈረሰ። ማቲው ፓሪስ እንደሚተርከው አንድ ቄስ በሕልሙ አንድ ሊቀ ጳጳስ ግድግዳውን በመስቀል ሲመታና ሲያፈርስ አየ። ሊቀ ጳጳሱም በ1170 በካንተርበሪ ካቴድራል የተገደለው፣ የለንደን ተወላጁ ቅዱስ ቶማስ ቤኬት ነበር። ገዳዮቹ ደግሞ የሄንሪ 3ኛ አያት የሄንሪ 2ኛ ባላባቶች ነበሩ።

የዚህ ትረካ ትርጉም ግልጽ ነው። የለንደን ሰዎች የሚሠራው ግንብ ከውጭ ጠላት ይልቅ በእነሱ ላይ የተነሳ መስሎ ይታያቸው ነበር። በንጉሡ ላይ በግልጽ መናገር የማይችሉትን ቅዱሱ ተናገረላቸው። እዚህ ላይ መንፈሱ የሚያሳዝን ሟች ሳይሆን የተበደለ ሕዝብ ጠበቃ ነው። ይህን ነጥብ እንያዘው፤ በኋላ እንመለስበታለን።

3. ሁለቱ ልጆች፦ ከዜና መዋዕል ወደ መድረክ

በ1483 ንጉሥ ኤድዋርድ 4ኛ ሲሞት የ12 ዓመቱ ልጁ ኤድዋርድ 5ኛ ዙፋኑን ወረሰ። አጎቱ ሪቻርድ ግን እሱንና የ9 ዓመት ወንድሙን በግንቡ ካስቀመጣቸው በኋላ ልጆቹ ከሕግ ውጭ እንደተወለዱ አስነግሮ ራሱ ነገሠ። ልጆቹ ከዚያ በኋላ አልታዩም።

ስለ አሟሟታቸው ዝርዝር ትረካ ካቀረቡት መካከል ዋነኛው ቶማስ ሞር ነው። ሞር ግን በ1483 ገና የአምስት ዓመት ልጅ ነበር። የጻፈውም ሪቻርድን በገለበጠው ሥርወ መንግሥት ዘመን ነው። ሼክስፒር በ1590ዎቹ መጀመሪያ ይህንን ወግ ተቀብሎ «ሪቻርድ 3ኛ» በተሰኘው ተውኔቱ የልጆቹን መንፈስ ከሌሎች የንጉሡ ሰለባዎች ጋር በ1485ቱ የቦስዎርዝ ውጊያ ዋዜማ ወደ መድረክ አመጣ። እነዚህ መናፍስት ሪቻርድን ይረግማሉ፣ ባላንጣውን ይመርቃሉ። ይህም ማለት ልጆቹ በሕዝብ ፊት በመንፈስነት የቆሙት በተውኔት ውስጥ፣ ለአሸናፊው ወገን እየመሰከሩ ነው። ዛሬ ጎብኚዎች የሚሰሙት «እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚታዩ ነጭ የለበሱ ሁለት ልጆች» የሚለው ትረካ የዚህን የመድረክ ወግ መሠረት ሳያስታውስ ማንበብ ያስቸግራል።

በ1674 በነጭ ግንብ አጠገብ የነበረ ደረጃ ሲያፈርሱ ሠራተኞች የሁለት ልጆች አጥንት አገኙ። ዳግማዊ ቻርልስም በዌስትሚንስተር አቢ እንዲያርፍ አዘዘ። አጥንቱ በ1933 ቢመረመርም የልጆቹን ጾታ እንኳ ማረጋገጥ አልተቻለም። የሪቻርድ 3ኛ አጽም ግን በ2012 በሌስተር ከተማ ተገኝቶ፣ ማንነቱ በዘር ቅንጣት ምርመራ ተረጋግጦ፣ በ2015 በክብር ተቀበረ። የገዳይነት ክስ የተመሠረተበት ሰው ሲታወቅ፣ ልጆቹ ግን እስካሁን በስማቸው የተረጋገጠ አጽም የላቸውም። ትረካው እንዲህ ያለውን ክፍተት መሙላቱ አያስደንቅም።

4. ሁለት ሴቶች፦ ትረካ እንዴት ያድጋል?

የሄንሪ 8ኛ ሁለተኛ ሚስት አን ቦሊን በዝሙትና በአገር ክህደት ተከሳ በሜይ 19፣ 1536 በግንቡ ቅጥር ውስጥ ከፈረንሳይ በመጣ ሰያፍ አንገቷ ተቀላ። በብዙዎች ዘንድ የምትታወቀው ግን የተቆረጠ ራሷን በብብቷ ይዛ ስትሄድ በሚያሳየው ሥዕል ነው። ይህን ምስል በሰፊው ያሰራጨው በ1934 የወጣ የቀልድ ዘፈን ነው። ደግሞም መንፈሷ ታየ የሚባለው በግንቡ ብቻ አይደለም። በኖርፎክ አውራጃ በሚገኘው ብሊክሊንግ በየዓመቱ በሞተችበት ቀን በሠረገላ ትመጣለች ይባላል። ይሁን እንጂ ዛሬ የሚታየው የብሊክሊንግ ሕንጻ የተሠራው በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ እሷ ከሞተች ከ80 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። መንፈሷ በሕይወት ሳለች ያላየችውን ደጅ ታንኳኳለች ማለት ነው።

የሳልስበሪዋ ባላባት ማርጋሬት ፖል ጉዳይ የትረካን እድገት ይበልጥ ያሳያል። እኚህ የ67 ዓመት አዛውንት በ1541 በዚያው ግንብ ተገደሉ። በዘመኑ የነበረው የቅዱስ ሮማ ግዛት አምባሳደር ሻፒዊ በደብዳቤው የጻፈው፣ ልምድ የሌለው ወጣት ሰያፍ ራሳቸውንና ትከሻቸውን ደጋግሞ መምታቱን ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1649 በታተመ መጽሐፍ የቼርበሪው ሎርድ ኸርበርት ሌላ ነገር ጨመረ። አዛውንቷ «ከሃዲ አይደለሁም» በሚል አንገታቸውን ለመስጠት እምቢ እንዳሉ ጻፈ። ከዚያም በኋላ የመጡ ተራኪዎች ሰያፉ መጥረቢያውን ይዞ በአደባባዩ አሳደዳቸው አሉ። በመጨረሻም መንፈሳቸው በየዓመቱ ሲሳደድ ይታያል ተባለ። መነሻው በዘመኑ የተመዘገበ እውነተኛ ግፍ ነው፤ እምቢታውን የምናገኘው በኋለኛ ጽሑፍ ነው፤ ሩጫውና መንፈሱ የመጡት ከዚያም ወዲህ ነው። ይህን ቅደም ተከተል ሳያዩ ትረካውን እንደ ታሪክ መጥቀስ ስሕተት ነው። ትረካውን ሐሰት ነው ብሎ መጣልም ከሥሩ ያለውን የአምባሳደሩን ምስክርነት አብሮ መጣል ይሆናል።

5. የ1817 ምስክርነት

ከግንቡ ትረካዎች ባለቤቱ ራሱ በስሙ የጻፈው አንድ ምስክርነት አለ። የዘውድ ጌጣጌጥ ጠባቂ የነበረው ኤድመንድ ሌንታል ስዊፍት በ1817 በኦክቶበር ወር አንድ ምሽት ከቤተሰቡ ጋር ራት ላይ ሳለ ያየውን፣ ከ43 ዓመት በኋላ በ1860 «ኖትስ ኤንድ ኩዌሪስ» በተባለ መጽሔት አሳተመ። ያየው ነገር ግን ንግሥት ወይም ልጅ አልነበረም። የክንድ ውፍረት ያለው፣ ነጭና ሰማያዊ ፈሳሽ የሚንሸራሸርበት፣ ብርጭቆ መሰል ቱቦ ነበር። ሚስቱም በትከሻዋ በኩል ሲያልፍ ደንግጣ ጮኸች። በገበታው የነበሩት እህቷና ልጃቸው ግን ምንም አላዩም። አንድ የተማረ ሰው ያየውን ሳይተረጉም ሲጽፍ ውጤቱ ስምና መልክ የሌለው ነገር ሆነ። ስምና መልክ የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ኋላ የሚመጣው ተራኪ ነው።

ስዊፍት አንድ ዘብ ከበር ስር ድብ ሲወጣ አይቶ በሳንጃ እንደወጋውና በድንጋጤ ታሞ በጥቂት ቀናት ውስጥ እንደሞተም ጽፏል። እዚህ ላይ አንድ እውነታ መጨመር ተገቢ ነው። በግንቡ ውስጥ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የነገሥታት የአራዊት ማቆያ ነበረ፤ በ1835 እስኪዘጋ ድረስም ዘልቋል። በ1811 ለንጉሥ ጆርጅ 3ኛ የተበረከተ ትልቅ ድብም በዚያው ይኖር ነበር። ዘቡ ያየው ይህን ድብ ነው ለማለት ማስረጃ የለም። ነገር ግን በዚያ ስፍራ ሌሊት የሚቆም ወታደር ፍርሃቱ የድብ መልክ ለምን እንደያዘ መገመት አያዳግትም።

6. ለምን በኋላ ዘመን በዛ?

የግንቡ መናፍስት የበረከቱት ግንቡ መግደሉን ባቆመበት ዘመን ነው። በ1840 ዊልያም ሃሪሰን ኤንስዎርዝ ስለ ሌዲ ጄን ግሬይ የጻፈው «የለንደን ግንብ» የተሰኘ ልቦለድ፣ ከጆርጅ ክሩክሻንክ ሥዕሎች ጋር ታትሞ እጅግ ተነበበ። ስፍራው የሕዝብ መጎብኛ ሆነ። ጎብኚው ደግሞ ባዶ ድንጋይ ማየት አይበቃውም፣ ሰው ይፈልጋል። ቁራዎቹ ግንቡን ከለቀቁ መንግሥቱ ይወድቃል የሚለው ትረካም በዳግማዊ ቻርልስ ዘመን ተጀመረ ቢባልም፣ ተመራማሪዎች ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በፊት ቁራዎቹ በዚያ ለመኖራቸው ማስረጃ አላገኙም። ይህም በ1983 ኤሪክ ሆብስባውምና ቴሬንስ ሬንጀር ባሳተሙት ሥራ «የተፈበረከ ትውፊት» ካሉት ጋር ይስማማል።

በግንቡ ቅጥር ውስጥ የተቀሉት ጥቂት ባለማዕረጎች ናቸው። ከቅጥሩ ውጭ በሚገኘው ታወር ሂል ግን በሕዝብ ፊት የተገደሉት ከመቶ ይበልጣሉ። በግንቡ የመጨረሻው ሟች በኦገስት 15፣ 1941 በጥይት የተገደለው ጀርመናዊው ሰላይ ዮሴፍ ያኮብስ ነው። ትረካው ግን በንግሥቶችና በልዑላን ላይ ያተኩራል። የ1241ዱ መንፈስ ስለ ከተማው ሕዝብ ሲቆም፣ የኋላ ዘመኖቹ መናፍስት በብዛት ስለ ራሳቸው ብቻ የሚያዝኑ ባለማዕረጎች ሆኑ። ለውጡ የመናፍስቱ ሳይሆን የተራኪውና የአድማጩ ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ የተመለከትነው ለእኛም አጥኚዎች ትምህርት ይሆናል። በጎንደር አብያተ መንግሥታትም ሆነ በሌሎች ጥንታዊ ስፍራዎቻችን የሚነገሩ ትረካዎችን የሚሰበስብ ተማሪ፣ ተራኪው ማን እንደሆነ፣ ከማን እንደሰማ፣ ምን እንዳነበበ፣ ለማን እንደሚተርክ አብሮ መመዝገብ ይገባዋል። ሽማግሌ ለልጅ ልጁ የሚነግረውና አስጎብኚ ለእንግዳ የሚነግረው በአንድ መዝገብ ተቀላቅሎ ከገባ በኋላ ለመለየት ያዳግታል። ትረካውን ሲሰማም ማረም የለበትም፤ እንደተነገረ መጻፍ፣ ዜና መዋዕሉን ደግሞ ለብቻው መመርመር ነው። ማቲው ፓሪስ የአንድን ቄስ ሕልም እንደሰማው ባይጽፍ ኖሮ፣ የለንደን ሰዎች ስለዚያ ግንብ ምን ይሰማቸው እንደነበር የሚነግረን አንድ ምስክር እናጣ ነበር።