«ምንም አልሠራችም»

መስቀል ባለፈ ቁጥር በዓይን ክፍላችን በር ላይ የሚኮለኮሉትን ታማሚዎች ሳይ እናደዳለሁ። ከሁሉም ግን አንዲት እናት ከአእምሮዬ አልወጣ ብለውኛል። ሞራቸው የተገፈፈው ለበዓል የሚመጡ ልጆቻቸውን እንዲያዩ ተብሎ ነበር። ወደ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታላችን ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቶና አብጦ መግል ቋጥሯል። ሴት ልጃቸውን ስጠይቃት፣ «ኧረ ሲስተር፣ እማዬ ምንም አልሠራችም! ሽንኩርት ነው የከተፈችው» አለችኝ።

ይህን መልስ ከክርስቲያኑም ከሙስሊሙም ቤት እሰማዋለሁ። «አታጎንብሱ፣ ከባድ ነገር አታንሱ» ስንል ሰው የሚያስበው የውኃ ጀሪካንና የእንጨት ሸክም ነው። የበዓል ጓዳ ከሥራ አይቆጠርም። ሽንኩርቱ ያስለቅሳል፤ እንባው በርበሬ በነካ እጅ ይጠረጋል። ምድጃው እፍ ካላሉት አይነድም፤ እፍ ለማለት ደግሞ ጭስ ውስጥ መጎንበስ ነው። የቀዶ ሕክምናው ቁስል ደግሞ ብዙ ጊዜ ስፌት የለውም፤ በራሱ እስኪገጥም ሳምንታት ይፈልጋል። ጠብታውስ? እንግዳ በሞላበት ቤት ሰዓት የሚያስታውስ ማን አለ?

የእኛ መስከረም እንደሆነ እፎይታ የለውም። እንቁጣጣሽ አለፈ ሲባል ደመራ ይደርሳል። ወዲያው መስከረም 21 የግሸን ማርያምን በዓል ለማክበር ወደ አምባሰል የሚሄደው ዘመድ ደሴ ያድራል። ረመዳን ሲገባም ከአስር ሶላት እስከ ማፍጠሪያ ጓዳው ይታመሳል። በወሎ ጎረቤት በበዓል ይጠራራል፤ ለሙስሊሙ ለብቻ ይታረዳል፣ ለብቻ ይሠራል። የምኮራበት ባህል ነው። ግን ሁለቱንም ድስት የምታማስለው ያቺው አንዲት ሴት ናት። ሳሎን ተቀምጦ «በዓል እንዴት ያሳርፋል!» የሚለው ሰው ዕረፍቱን ከማን እንደወሰደ አይጠይቅም።

የሚከነክነኝ ሌላም ነገር አለ። እኚያ እናት ሞራ በጋረዳቸው ዘመን መደብ ላይ ተቀምጠው ይቀርብላቸው ነበር። በራላቸው በተባለ ሰሞን ቢላዋው እጃቸው ገባ። ቤተሰቡ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ እሳቸውም እንግዳ እያለ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ያሳፍራቸዋል። «በዓሉ ይለፍና አርፋለሁ» ይላሉ። ቁስል በዓል እስኪያልፍ አይጠብቅም። ዓይናቸው ተርፏል፤ መጀመሪያ ያገኙት ብርሃን ግን አልተመለሰም።

«እረፉ» ብሎ ታማሚዋን መምከር ሰልችቶኛል። ሥራውን የሚረከባት ከሌለ ምክሩ ቧልት ነው። አሁን ባልን፣ ወንዶች ልጆችን አስጠርቼ ማን ምን እንደሚሠራ ከዚያው ከፊቴ እንዲከፋፈሉ አደርጋለሁ። ይሳሳቃሉ፤ አንዳንዱም ይቆጣል። ከአዲስ አበባ ለእናቱ ነጠላ ገዝቶ ለሚመጣው ልጅ የምለው ይህን ነው፤ ነጠላው ይቆይ፣ ሁለት ቀን ምድጃው ዳር ቁምላት። ወንድ ጓዳ ገባ ተብሎ የቀረ በዓል እስካሁን አልሰማሁም።