ሕፃናትን «ለምን?» ማሰኘት፦ የሴትና የወንድ ሥራ በክፍል ውስጥ ውይይት

በገርጂ፣ በጎሮና በቦሌ ቡልቡላ የሚያድጉ ሕፃናት አውሮፕላን ብርቅ አይሆንባቸውም፤ ከቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሡትና ወደዚያ የሚያርፉት በየዕለቱ በላያቸው ያልፋሉ። ከእነዚህ ሕፃናት አንዱን «አብራሪ የሚሆነው ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው «ወንድ» የሚል መልስ ቢያገኝ ብዙም አይገርመውም። ያልተለመደው ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ነው፦ «ለምን?» ሕፃናትን በፍልስፍናዊ ውይይት የማስተማር ዘዴ መነሻው ይህ ጥያቄ ነው።

አስተሳሰቡ የሚጀምረው በልጅነት ነው

እ.ኤ.አ በ2016 በእንግሊዝ አገር ይፋ በሆነ የክፍል ውስጥ ልምምድ ከ5 እስከ 7 ዓመት ያሉ ሕፃናት የእሳት አደጋ ሠራተኛ፣ የቀዶ ሕክምና ሐኪምና የተዋጊ አውሮፕላን አብራሪ እንዲስሉ ተጠይቀው ነበር። ከሣሏቸው 66 ሥዕሎች 61ዱ የወንድ፣ 5ቱ ብቻ የሴት ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት በአሜሪካ የታተመ ጥናት ደግሞ በ5 ዓመታቸው ሴቶችም ወንዶችም የየራሳቸውን ፆታ «በጣም ብልህ» ብለው እንደሚያስቡ፣ ከ6 ዓመት ጀምሮ ግን ሴት ልጆች ይህን ማዕረግ ለራሳቸው ፆታ መስጠት እንደሚቀንሱ አሳይቷል። «ለብልህ ልጆች ብቻ» ከተባለ ጨዋታም መሸሽ ይጀምራሉ።

በኢትዮጵያ አንደኛ ክፍል የሚገባው በ7 ዓመት ነው። ጥናቱ ለእኛም ልጆች የሚሠራ ከሆነ፣ አንዲት ሴት ልጅ ደብተር ይዛ ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ «ይህ ለእኔ አይደለም» የሚለውን ሐሳብ ቀድማ ይዛው ልትሄድ ትችላለች ማለት ነው።

መንገርና ማወያየት ይለያያሉ

መምህራን ብዙውን ጊዜ መልሱን በመንገር ይጀምራሉ። የሚነገር ማስረጃም አለ። ካፒቴን አምሳለ ጓሉ በ2003 ዓ.ም የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆናለች። በኅዳር 2008 ዓ.ም ደግሞ ከአዲስ አበባ ወደ ባንኮክ የተደረገ በረራ ከአብራሪዎቹ ጀምሮ ሙሉ በሙሉ በሴቶች ተከናውኗል።

ሆኖም ልጁ ይህን ሰምቶ «እሷ ልዩ ስለሆነች ነው» ብሎ ሊያልፈው ይችላል፤ የቀድሞ እምነቱ ሳይነካ ይቀራል። ውይይት ግን ምክንያቱን ራሱ እንዲመረምር ያደርገዋል። አንድ ልጅ «ወንድ ጠንካራ ስለሆነ ነው» አለ እንበል። መምህሯ አታርመውም፤ «አውሮፕላን የሚበርረው በጉልበት ነው?» ብላ ትጠይቃለች። ሌላ ልጅ «በሰፈራችን ሕንጻ ሲሠራ ሴቶችም ድንጋይ ይሸከማሉ» ሊል ይችላል፤ በቦሌና በለሚ ኩራ የግንባታ ቦታዎች ልጆች በየቀኑ የሚያዩት ነው። የመጀመሪያው ልጅ ሐሳቡን ሊለውጥ፣ ሊያሻሽለው ወይም ሌላ ምክንያት ሊፈልግ ነው። ሦስቱም ማሰብ ናቸው።

የዘዴው አባት የሚባለው አሜሪካዊው የፍልስፍና መምህር ማቲው ሊፕማን ነው። እ.ኤ.አ በ1974 በኒው ጀርሲ ለዚሁ ሥራ የሚሆን ተቋም መሥርቷል። አካሄዱ ቀላል ነው፤ ልጆች ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፣ አጭር ተረት ይሰማሉ፣ ከተረቱ የፈለቁ ጥያቄዎችን ራሳቸው ያቀርባሉ፣ አንዱን በድምፅ ይመርጣሉ። የሚናገር ሁሉ ምክንያት ያቀርባል፤ የሚቃወምም ሐሳቡን እንጂ ሰውየውን አይነቅፍም። በመጨረሻ ማን ሐሳቡን እንደለወጠና ለምን እንደለወጠ ይነጋገራሉ።

አማርኛችን ራሱ ጥያቄ ያነሣል

ለኢትዮጵያ ሕፃናት ከባሕር ማዶ የመጣ ታሪክ አያስፈልግም፤ የዕለት ተዕለት ንግግራችን በቂ ነው። ደፋር ሴት «ወንዳታ!» እየተባለች ትመሰገናለች፤ የሚያለቅስ ወንድ ልጅ ደግሞ «ሴታሴት» እየተባለ ይሰደባል። የአንዱ ፆታ ስም ምስጋና፣ የሌላው ስድብ የሆነው ለምንድን ነው? የ8 ዓመት ልጅ ይህን መወያየት አያቅተውም። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውም ተረት እንዲሁ «ሁልጊዜ እውነት ነው? አይደለም የሚያሰኝ ሰው ታውቃላችሁ?» ተብሎ ሊጠየቅበት ይችላል።

መምህራን በዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። የአማርኛ ግሥ ፆታ አለው። «የሚያበርረውን ሰው ሣሉ» የተባለ ልጅ ወንድ እንዲሥል አስቀድሞ ታዟል። «አውሮፕላን አብራሪ ሣሉ» ከተባለ ግን ምርጫው የልጁ ይሆናል።

ከከተማ እስከ እርሻ

በለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ዳርቻ ዛሬ ኮንዶሚኒየም የቆመበት መሬት ከጥቂት ዓመታት በፊት ይታረስ ነበር። ስለዚህ «ገበሬ ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ለከተማውም ለገጠሩም ልጅ ቅርብ ነው። እናት ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ዘር ትመርጣለች፣ እህል ታስቀምጣለች። ነገር ግን ሞፈር ስለማትይዝ «ገበሬ» የሚለው ስም ለአባት ብቻ ይሰጣል።

ጉዳዩ የስም ብቻ አይደለም። በአማራ ክልል ብዙ አካባቢዎች ሴት በሬ ጠምዳ ማረሷ ነውር ተደርጎ ስለሚታይ፣ ባሏ የሞተባት ወይም የተፋታች ሴት መሬት እያላት ለእኩል አራሽ ትሰጥና ምርቷን ትካፈላለች። በክልሉ የሚሰጠው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር የባልንና የሚስትን ስምና ፎቶግራፍ በአንድነት ይዟል፤ ደብተሩ የሰጣትን መብት ግን ልማድ በግማሽ ይወስድባታል። በልጅነት ሳይጠየቅ ያለፈ «ለምን?» በእርጅና በጎተራ ውስጥ ይታያል።

ባህልን መጣስ ነውን?

አንዳንድ ወላጆች ይህ ዓይነቱ ውይይት ልጆችን ከባህል ያርቃል ብለው ይሠጋሉ። ይሁንና ባህላችን ራሱ ምስክር አለው። በጎጃም እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይነ ስውር ሆነው ቅኔን ከአባታቸው ተምረው የቅኔ መምህርት ለመሆን በቅተዋል። ደራሲነቱ እስከ ዛሬ ምሁራንን የሚያከራክረው የዘርዐ ያዕቆብ ሐተታም ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል መሆናቸውን በግዕዝ ያስተምራል። ውይይቱ ታላቅን አለማክበርንም አያስተምርም፤ ተራን መጠበቅ፣ ሌላውን ሳያቋርጡ መስማትና በትሕትና መቃወም ከሕጎቹ መካከል ናቸው።

ዘዴው ሁሉን አይፈታም። በእንግሊዝ የተደረገ ሙከራ እ.ኤ.አ በ2015 በንባብና በሒሳብ መጠነኛ መሻሻል ቢያሳይም፣ ኋላ በብዙ ትምህርት ቤቶች የተደረገው ሰፊ ሙከራ በንባብ ውጤት ላይ ለውጥ አላገኘም። ስለዚህ የፈተና ውጤት ከፍ ያደርጋል ተብሎ ሊሸጥ አይገባም። ተማሪ በበዛበት ክፍል ክብ መሥራትም ያስቸግራል፤ ክፍሉን በቡድን ከፍሎ በግብረ ገብ ክፍለ ጊዜ በየሳምንቱ አንድ ጥያቄ ማንሣት ግን ወጪ አይጠይቅም።

ወላጅም በራት ሰዓት መጀመር ይችላል። «ውኃ የምትቀዳው እህትህ፣ የምታጠናው አንተ የሆናችሁት ለምን ይመስልሃል?» ብሎ መጠየቅና መልሱን ሳያቋርጡ መስማት ነው። ልጁ በቂ ምክንያት ካጣ፣ በማግስቱ ጀሪካኑን ማን እንደሚይዝ ቤተሰቡ እንደገና ይነጋገርበታል።