መንጠቆው የት ይሰካ?

ትልቅ ዓሣ በትንሽ ዓሣ እንደሚያዝ በዳቡስም ሆነ በአባይ ዳር መንጠቆ የጣለ ሁሉ ያውቃል። ብዙዎቻችን የማናስበው መንጠቆው ትንሹን ዓሣ ከየት በኩል ቢወጋው እንደሚሻል ነው። ብልሃቱ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ሆሞሻ ማንጎ አይታጣምና ከጓሮ አንድ የማንጎ ቅጠል ይቁረጡ፤ ቅርጹ ራሱ ዓሣ ይመስላል። ዘንጉ ላይ ክር አስረው በሳፋ ውሃ ውስጥ ይጎትቱት። ቀጥ ብሎ ይከተልዎታል። አሁን ክሩን በመርፌ መሃሉ ላይ አሳልፈው ይጎትቱ። ጎኑን ሰጥቶ ይገተራል፣ ይዞራል፣ ክሩንም ያጠማዝዛል።

በሚፈስ ውሃ ሕያው ዓሣ በሁለቱ ከንፈሮቹ የሚሰካው ለዚህ ነው። ፊቱን ወደ ወራጁ አዙሮ ይቆማል፤ በአፉ የገባው ውሃም በስንጥቡ እየወጣ ይተነፍሳል።

የቆመ ውሃ ሌላ ነው። ጉባ ላይ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዘውን ንጋት ሐይቅ ስለፈጠረ፣ ወንዝ የለመደው የክልላችን አጥማጅ ይህንንም መልመድ አለበት። እዚያ መንጠቆው ከጀርባ ክንፉ ሥር፣ ከአከርካሪው በላይ በስሱ ያልፋል። ትንሹ ዓሣ ለመዋኘት ሲታገል ውሃውን ያርገበግበዋል፤ አዳኙ በጎኑ በተዘረጋው የስሜት መስመር ይህን ሳያይም ያውቀዋል። አከርካሪው ከተነካ ግን ዓሣው ሽባ ይሆናል፣ ውሃውም ጸጥ ይላል።

ራሱ ላይ እርሳስ የተጣበቀበት መንጠቆስ? ክሩን ወደ ቅጠሉ ዘንግ መልሰው፣ አጠገቡ ትንሽ ብሎን አስረው ባልዲ ውስጥ ይልቀቁት። አፍንጫውን ደፍቶ ይወርዳል። ክሩን ሳብ ሲያደርጉት ብድግ ይላል፣ ሲለቁት ተመልሶ ይደፋል። የቆሰለ ዓሣ አካሄዱ እንዲህ ስለሆነ፣ የሞተ ዓሣ እንኳ በእጅዎ ሳብ ለቀቅ ሕያው ይመስላል። (እርሳሱን በጥርስ አይጨምቁ፤ መርዝ ነው።)

በክረምት ወንዙ ሲደፈርስ ዓይን ብዙ አይረዳም። ያኔ ተራው የአምባዛ ነው። ስምንቱ ጢሞቹ ጣዕም ይለያሉ፤ ስለዚህ ሕያው ዓሣ ከማባከን የተቆረጠ ይሻላል፤ ደሙና ጭማቂው ቶሎ ወደ ውሃው ይወጣል።

ሲቆርጡ ቆዳውን አይግፈፉ። ለምን? ከበሰለ ማንጎ አንዱን ቁራሽ ልጠው፣ ሌላውን ከነልጣጩ በክር ወግተው ይጎትቱ። የተላጠው ወዲያው ይቀደዳል። የዓሣም ሥጋ ውሃ ውስጥ ሲቆይ ይላላል፤ መንጠቆውን የሚይዘው ቆዳው ነው። የመንጠቆውን ጫፍም በሥጋ አይሸፍኑት፤ ካልወጣ አምባዛው ምግቡን በልቶ ይሄዳል።

አደራ፣ ትናንሾቹን ዓሦች እዚያው ከሚያጠምዱበት ውሃ ዳር ይያዙ እንጂ ከሌላ ወንዝ ወይም ኩሬ በጀሪካን አያምጡ። ባዕድ ዓሣ በሽታ ሊያመጣ፣ ነባሮቹንም ሊያጠፋ ይችላል፤ አንዴ ከረባ ደግሞ መልሶ የሚለቅመው የለም።