ስለ ሮክ ባንድ ፊልም ለመሥራት ስንት ብር ይበቃል?

አስኮ አዲስ ሰፈር፣ የጓደኛዬ እናት ግቢ ውስጥ፣ ከዋናው ቤት ጀርባ አንዲት ሰርቪስ ቤት አለች። ግድግዳዋ ጭቃ፣ ጣራዋ ቆርቆሮ ነው። አራት ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ውስጥ ሮክ ሲለማመዱ አንድ ዓመት ሞላቸው። ያላቸው አንድ ጊታር፣ አንድ ቤዝ፣ ሲምባሉ የተሰነጠቀ ድራምና አንድ ዘፋኝ ነው። እኔ ምንም መሣሪያ አልጫወትም፤ ሥራዬ ጥግ ይዞ መቀመጥና ሻይ ማምጣት ነበር። በዚህ ሴሚስተር አጭር ፊልም ሠርተን እንድናቀርብ ስንታዘዝ ግን ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም፤ ስለ እነሱ ልሠራ ወሰንኩ።

ችግሩ ጊዜ ነው። ቤቷ ከሰኔ 1 ጀምሮ ልትከራይ ነው። የጓደኛዬ እናት ኑሮ እንደከበዳቸው ስለማውቅ የምከራከራቸው ነገር የለኝም። ልጆቹም ሌላ ቦታ የላቸውም። እንግዲህ ፊልሙ ከዚያ በፊት ካልተቀረፀ ያ ባንድ እንደነበረ የሚያሳይ አንዲት ማስረጃ አይኖርም ማለት ነው።

በኪሴ የነበረው ገንዘብ ለታክሲና ለምሳ የሚሆን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ያደረግኩት በትንሽ ገንዘብ እንዲህ ዓይነት ፊልም የሠሩ ሰዎች እንዴት እንደተወጡት ማየት ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ የአዋጁ ቁጥር ላይ ካለው በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁሉም ሰው የሚጠቅሰው የአየርላንዱን «ዋንስ» ነው። በ2007 ለእይታ በቃ፤ 150 ሺህ ዶላር ገደማ ፈጀ፤ ቀረፃው በ17 ቀን አለቀ። ደብሊን ጎዳና ላይ ጊታር እየመታ ሳንቲም የሚሰበስብ ሰው ከአንዲት ስደተኛ ፒያኖ ተጫዋች ጋር ይገናኝና ሙዚቀኞች አሰባስበው ዘፈን ይቀዳሉ። በቃ ታሪኩ ይኸው ነው። ዳይሬክተሩ ጆን ካርኒ ራሱ ቀድሞ «ዘ ፍሬምስ» በተባለው ባንድ ውስጥ ቤዝ ይጫወት ነበር። የባንዱን መሪ ግሌን ሃንሳርድን መጀመሪያ የፈለገው ዘፈን እንዲደርስለት ብቻ ነበር፤ ኋላ ዋና ተዋናይ አደረገው። ጎዳናው ላይ ካሜራውን ከሩቅ አቁመው ስለቀረፁ አላፊ አግዳሚው ፊልም እየተሠራ መሆኑን አላወቀም። ከፊልሙ ዘፈኖች አንዱ በ2008 ኦስካር አሸነፈ። እውነቱን ለመናገር እኔን ብዙም አልያዘኝም፤ ሰዎቹ ከመጠን በላይ ጨዋ ናቸው። ቢሆንም አንድ ነገር አስተምሮኛል፦ ተዋናይን ጊታር ከማስተማር ጊታሪስትን ትወና ማስተማር ይረክሳል። ጣት አይዋሽም። ካሜራው ወደ ጣቱ ሲጠጋ የማይችለው ሰው ወዲያው ይታወቃል።

ልቤን የነካው የኢራኑ ባህማን ጎባዲ በ2009 ያወጣው «ማንም ስለ ፋርስ ድመቶች አያውቅም» ነው። ከእስር የተፈቱ ሁለት ወጣት ሙዚቀኞች ቴህራን ውስጥ ባንድ ለማቋቋምና ወደ አውሮፓ ለመሄድ ይሞክራሉ። ፊልሙ ያለ ፈቃድ በጥድፊያ ነው የተቀረፀው፤ በዚያው ዓመት ካን ፌስቲቫል ላይ ተሸልሟል። ዋናዎቹ ተዋንያን በእውነተኛ ሕይወታቸውም ሙዚቀኞች ናቸው። ባንዶቹ ድምፃቸው እንዳይሰማ ምድር ቤት ይገባሉ፣ ጣራ ላይ ይወጣሉ፤ አንዱ የሄቪ ሜታል ባንድ እንዲያውም ከከተማ ወጣ ብሎ ላሞች በረት ውስጥ ይለማመዳል። ይህን ሳይ ሳቄ መጣ። ከአስኮ ወደ ቡራዩ መንገድ ትንሽ ወጣ ካልን እኛም ላም አናጣም።

ሦስተኛው ከአህጉራችን ነው። በኒጀር አጋዴዝ ከተማ የተሠራው ይህ ፊልም በ2015 የወጣ ሲሆን ዋናው ተዋናይ ግራኙ ጊታሪስት ምዱ ሞክታር ነው። ምዱ የመጀመሪያ ጊታሩን በገዛ እጁ የሠራ፣ ለክርነትም የብስክሌት ፍሬን ሽቦ የተጠቀመ ሰው ነው። አሜሪካዊው ክሪስቶፈር ከርክሊ የፕሪንስን የ1984 ፊልም «ፐርፕል ሬይን»ን ተንተርሶ ሠራው። በቱአሬጎች ቋንቋ ወይን ጠጅ ለሚባለው ቀለም ቃል ስለሌለ የፊልሙ ርዕስ «ትንሽ ቀይ ያለበት ሰማያዊ ዝናብ» ሆነ። እዚያ የሙዚቀኛው እንቅፋት ፖሊስ አይደለም፤ ጊታር የማይወዱ ሃይማኖተኛ ወላጅ አባቱ ናቸው።

ሦስቱን ሳያቸው የገባኝ ነገር፣ ባንዱን የሚያስቸግረው ነገር ራሱ ፊልሙ መሆኑ ነው፤ ደግሞም በነፃ ይገኛል። የእኛዎቹን ተመልከቱ። ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ካለ፣ የዕድር ድንኳን ከተተከለ ጊታር አይነካም። ሁዳዴ ሲገባ የጓደኛዬ እናት ጊታሩን በአሮጌ ነጠላ ይሸፍኑታል፤ 55 ቀን ማንም አይገልጠውም። ድራሙ ከጳውሎስ በሚኒባስ ሲመጣ ረዳቱ የሁለት ሰው ሒሳብ አስከፍሎናል። መብራት ይሄዳል። ይህን ሁሉ ስክሪፕት ጸሐፊ ቢቀጠር አይፈጥረውም።

የሀገራችንም የባንድ ታሪክ ቢሆን ከመሣሪያና ከቦታ ጥያቄ ተለይቶ አያውቅም። ክብር ዘበኛ፣ ፖሊስ፣ ምድር ጦር ውስጥ የነበሩት ትልልቅ ኦርኬስትራዎች መሣሪያቸው የመንግሥት ነበር። ኋላ የምሽት ክበቦችና ሆቴሎች ባንድ መቅጠር ጀመሩ፤ ያን ጊዜም ብዙ ጊዜ ሳክስፎኑም ኪቦርዱም የባለቤቱ ነው። ሃይሉ መርጊያ የነበረበት ዋልያስ ባንድ የራሱን መሣሪያ ይዞ መንቀሳቀሱ ቀላል ነገር አልነበረም። በደርግ ዘመን በሰዓት እላፊው የተነሳ ሂልተንን በመሰሉ ቦታዎች እንግዳው በጊዜ ገብቶ እስኪነጋ ተዘግቶበት ያድር ነበር፤ ባንዱም አብሮ ያነጋል። አንድ ክፍል፣ አንድ ሌሊት፣ መውጣት የማይችል ሰው! እንዲህ ያለ ርካሽ ፊልም እስካሁን አለመሠራቱ ያስቆጨኛል። በቅርቡ ደግሞ ጃኖ ባንድ አለ። በ2011 ተመሥርቶ በ2012 «ኤርታሌ» የተባለውን አልበም ሲያወጣ የሮኩን ጊታር ከእኛው ቅኝት ጋር አጋብቶ ነው። ነገር ግን ጃኖ ማናጀር ነበረው፤ ፕሮዲውሰሩም አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነበር። የአስኮዎቹ ያላቸው ማናጀር ሻይ የማመጣው እኔ ነኝ።

ታዲያ ገንዘቡ የት ያስፈልጋል? ካሜራው ላይ አይደለም፤ በስልክ ይቀረፃል። የሚያስፈልገው ድምፅ ላይ ነው፤ እኔም የተቃጠልኩት እዚያ ላይ ነው። ስልክ ከፍተኛ ድምፅ ሲሰማ በራሱ ጊዜ መቅጃውን ዝቅ ያደርጋል። ድራሙ በተመታ ቁጥር ዘፋኙ ውኃ ውስጥ እንደገባ ሰው ይጠፋል። በዚያ ላይ ቆርቆሮው ያስተጋባል። የመጀመሪያው ቀን ቀረፃ በሙሉ ተጣለ።

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ፕሌይባክ ነው፦ ዘፈኑን አስቀድሞ አጥርቶ መቅዳት፣ በቀረፃው ቀን በስፒከር መልቀቅ፣ ልጆቹም አብረው እየተጫወቱ መቅረፅ፣ ከዚያ ኤዲቲንግ ላይ ዋናውን ድምፅ መግጠም። ንፁህ ነው፤ ግን ስቱዲዮ ይፈልጋል፣ ልጆቹም ሲያስመስሉ ፊታቸው ይሞታል። ሁለተኛው በቀጥታ መቅረፅ ነው። እዚህ ላይ ወጥመድ አለ፦ አንድ ካሜራ ይዞ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ መቅረፅ። ድራመራችን በጋለ ቁጥር ይፈጥናል። መጀመሪያ 3 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ የነበረው ዘፈን በሦስተኛው 3 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ ሆነ። ሁለቱን ቆርጦ መቀጠል አይቻልም፤ እጁ ሌላ፣ ድምፁ ሌላ ይሆናል። መፍትሔው ሁለት ስልክ በአንድ ጊዜ ማስነሳትና ድምፁን በሌላ መቅጃ ለብቻው መያዝ ነው። መቅጃውን ከድራሙ አርቀን፣ ግድግዳውን በብርድ ልብስና በፍራሽ ስፖንጅ ሸፍነን፣ ከመጀመራችን በፊት አንዴ ጮክ ብለን እናጨበጭባለን። ኤዲቲንግ ላይ እጆቹ የተጋጠሙበት ምስልና የ«ጧ»ው ድምፅ ሲገጣጠሙ ሌላው ሁሉ ራሱ ይገጥማል። ትልልቆቹ ፊልሞች ላይ የምናያት የምትጨበጨብ ጥቁር ሰሌዳም ሥራዋ ከዚህ የተለየ አይደለም።

ሌላው ገንዘብ የሚበላው ዘፈኑ ነው። ልጆቹ ጎበዝ የሆኑት በሌላ ሰው ዘፈን ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ግን የሰው ሥራ ያለ ፈቃድ ለሕዝብ እንዳይቀርብ ይከለክላል። ፈቃድ ለመግዛት አቅም ስለሌለን ያልጨረሱትን የራሳቸውን ዘፈን በሁለት ሳምንት እንዲጨርሱት ለመንኳቸው። መጀመሪያ ተኮራርፈን ነበር። ጨረሱት ግን።

የመጨረሻው ቀረፃ ባለፈው ቅዳሜ ነበር። በሁለተኛው ዙር፣ ዘፈኑ አጋማሽ ላይ መብራት ሄደ። አምፕሊፋየሩ ዝም አለ፤ ድራመሩ አላቆመም፤ ጊታሪስቱም ያለ ኤሌክትሪክ ክሩን መምታቱን ቀጠለ። ምስሉ ጥቁር ነው፤ ምንም አይታይም። መቅጃው ግን በባትሪ ስለሚሠራ 40 ሰከንዱን ይዞታል፤ መጨረሻው ላይ የጓደኛዬ እናት ከደጅ «ልጆች፣ ጨረሳችሁ? ቤቱን ሊያዩ የመጡ ሰዎች አሉ» ሲሉ ይሰማል። ያችን ልቆርጣት ነበር፤ ትቻታለሁ። ፊልሙ 11 ደቂቃ ነው፤ በሚቀጥለው ማክሰኞ ክፍል ውስጥ ይታያል።