«ሞዴሉ ስንት ነው?»፦ ያገለገለ የዓሣ ማስገሪያ ጀልባን ዕድሜ ስለ መመዘን

መግቢያ

ያገለገለ መኪና ወይም ባጃጅ ሊገዛ የተነሣ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ሞዴሉ ስንት ነው?» ብሎ ነው። ዋጋው የሚቆረጠው፣ ክርክሩም የሚጀመረው ከዚህ ቁጥር ተነሥቶ ነው። ይህ ልማድ ወደ ጀልባ ግዥ ሲሸጋገር ግን ገዥውን ሊያሳስት ይችላል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የሞዴል ዓመት ስለ አንድ ያገለገለ የዓሣ ማስገሪያ ጀልባ ምን እንደሚነግረንና ምን እንደሚሰውርብን ማስረዳት ነው።

ጉዳዩን ከአዘና ተነሥቶ ማየቱ ይጠቅማል። የአየሁ ጓጉሳ ወረዳ ከተማ የሆነችው አዘና የእርሻ አገር እንጂ የሐይቅ ዳር ከተማ አይደለችም። በአዊ ዞን የሚገኙት ዘንገናና ጥርባ ከእሳተ ገሞራ አፍ የተፈጠሩ ትንንሽ ሐይቆች ስለሆኑ በሞተር ጀልባ ለሚካሄድ የንግድ አስጋሪነት የሚበቁ አይደሉም። ስለዚህ ገንዘባቸውን አዋጥተው ወይም ተበድረው ጀልባ ለመግዛት የሚያስቡ የአካባቢው ወጣቶች ዓይናቸውን የሚጥሉት በስተሰሜን በጣና ላይ፣ አለዚያም በስተምዕራብ የታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ በፈጠረው የንጋት ሐይቅ ላይ ነው። ሁለቱ ውሆች በከፍታም በጠባይም ይለያያሉ። ለአንዱ የተመቸ ጀልባ ለሌላው ላይመች እንደሚችል፣ የሞዴል ዓመቱም ይህን እንደማይናገር ከዚህ በታች እናያለን።

አንድ ቁጥር ይህን ያህል የሚታመንበት ምክንያት

የምጣኔ ሀብት ሊቁ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጥናት ያገለገሉ መኪኖችን ገበያ ምሳሌ አድርጎ አንድ መሠረታዊ ችግር አሳይቷል። ሻጩ የዕቃውን ጉድለት ያውቃል፤ ገዥው አያውቅም። በዚህ የመረጃ አለመመጣጠን ምክንያት ገዥው ለጥሩውም ለመጥፎውም አማካይ ዋጋ ብቻ ለመክፈል ይገደዳል፤ የጥሩ ዕቃ ባለቤቶችም ዋጋው ስለማያዋጣቸው ከገበያው ይወጣሉ። የሞዴል ዓመት ተፈላጊ የሆነው ገዥው ራሱ አይቶ ሊያረጋግጠው የሚችል፣ ለመደራደርም የሚመች ምልክት ስለሆነ ነው።

አንድ ምልክት ጠቃሚ የሚሆነው ግን ከተሰወረው ጥራት ጋር ሲዛመድ ነው። በመኪና ረገድ ዝምድናው ደካማ ቢሆንም አለ። በጀልባ ግን ቀፎውና ሞተሩ ለየብቻ የሚመረቱ፣ ለየብቻ የሚያረጁ፣ ብዙ ጊዜም ለየብቻ የሚለወጡ ሁለት ዕቃዎች ናቸው። ስለዚህ «የጀልባው ዓመት» ሲባል የየትኛው ዓመት እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የትኛው ዓመት? በየትኛው ዘመን አቆጣጠር?

በአገራችን ጥያቄውን የሚያወሳስብ ሌላም ነገር አለ። የአምራቹ ሰሌዳ የሚጻፈው በጎርጎርዮሳዊው ዘመን አቆጣጠር ሲሆን የሽያጭ ውል የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። በቃል «የ2008 ሞዴል» የተባለ ሞተር በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ከሆነ በእኛ የ2000 ወይም የ2001 ዓ.ም. ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ ደግሞ በሰሌዳው ላይ 2015 ወይም 2016 ተብሎ መገኘት አለበት። ልዩነቱ ከሰባት እስከ ስምንት ዓመት ነው፤ ይህም ለአንድ የሥራ ሞተር የአገልግሎት ዘመን ትልቁን ክፍል ሊይዝ ይችላል። በውሉ ላይ የዘመን አቆጣጠሩ ተለይቶ ካልተጻፈ ቅንነት ባለው ሻጭና ገዥ መካከል እንኳ ጠብ ሊነሣ ይችላል።

ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ ጀልባዎች በቀፏቸው የኋላ ግድግዳ ቀኝ ጎን ላይ 12 ፊደላትና አኃዞች ያሉት መለያ ቁጥር አላቸው። እ.ኤ.አ. ከ1984 አጋማሽ በኋላ በተሠሩት ላይ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊደላት አምራቹን፣ ተከታዮቹ አምስቱ ተራ ቁጥሩን ያመለክታሉ። ዘጠነኛው ፊደል ወሩን ይገልጻል፤ የመጀመሪያው የላቲን ፊደል ጃንዋሪን ይወክላል። አሥረኛው አኃዝ የምርት ዓመቱ የመጨረሻ አኃዝ ሲሆን የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የሞዴል ዓመቱን ይነግራሉ። ከዚህ እንደምንረዳው የምርት ዓመትና የሞዴል ዓመት አንድ አይደሉም፤ በአንድ ዓመት መጨረሻ ወራት የተሠራ ጀልባ የተከታዩን ዓመት የሞዴል ስም ይዞ ሊሸጥ ይችላል። በአገር ውስጥ ብየዳ የተሠራ የብረት ጀልባ ደግሞ ከነጭራሹ ሞዴል የሚባል ነገር የለውም።

የቀፎው ዕድሜ

በጣና ላይ ከጥንት ጀምሮ ሲያገለግል የኖረው የደንገል ታንኳ ዕድሜው የሚቆጠረው በሳምንታት ወይም በወራት ነው። ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ታንኳውም ይተካል። ስለዚህ ያገለገለ ታንኳ የሚገዛ ሰው ዓመቱን አይጠይቅም፤ ውሃ መጠጣት አለመጠጣቱን ያያል። ይህ ልማድ ለዘመናዊውም ጀልባ የሚሠራ ትምህርት ይዟል፤ የዕድሜ መለኪያው ዘመን ብቻ ሳይሆን ውሃ በአካሉ ላይ ያደረሰው ጉዳት ነው።

የፋይበርግላስ ቀፎ በዕድሜ ብዛት ብቻ አይሞትም። የሚሞተው ውሃ ወደ ውስጥ ሲሰርግ ነው። በብዙ ቀፎዎች ውስጥ ወለሉን የሚሸከሙት አውታሮችና ሞተሩ የሚሰቀልበት የኋላ ግድግዳ በፋይበርግላስ የተሸፈነ እንጨት ናቸው። በብሎን ቀዳዳ የገባ ውሃ እንጨቱን ከውስጥ ሲያበሰብሰው ውጫዊው ገጽ ያማረ ሆኖ ይቆያል። ሁለተኛው ጉዳት በቀለሙ ሥር የሚወጣው ፊኛ መሰል እብጠት ነው። የጨው አልባ ውሃ ከባሕር ውሃ ይልቅ ወደ ቀፎው ሽፋን በቀላሉ ስለሚሰርግ፣ ሐይቅ ላይ ሳያቋርጥ ተንሳፍፎ የኖረ ጀልባ ለእብጠት ይበልጥ የተጋለጠ ነው። እዚህ ላይ የምርት ዓመቱ በመጠኑ ይረዳል፤ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ውሃን የበለጠ የሚቋቋም ሙጫ በውጫዊው ሽፋን ላይ መጠቀም እየተስፋፋ መጥቷልና።

የብረት ቀፎ በተቃራኒው በጨው አልባ ውሃ ውስጥ ከባሕሩ ይልቅ ቀስ ብሎ ይዝጋል። ለባሕር ተብለው የሚመጡ ሞተሮች ብረታቸውን ከዝገት የሚጠብቅ የዚንክ ቁራጭ ይለጠፍባቸዋል። በሐይቅ ውሃ ግን ዚንኩ በሚገባ አይሠራም፤ ተስማሚው ማግኒዥየም ነው። በሐይቅ ላይ ለዓመታት ሠርቶ የዚንኩ ቁራጭ አዲስ እንደሆነ የተገኘ ሞተር በደንብ የተያዘ ሳይሆን ሳይጠበቅ የኖረ ሊሆን ይችላል።

የሞተሩ ዕድሜና የቦታው ከፍታ

ለአዊ አካባቢ ገዥ ከሁሉ የሚያስፈልገው የከፍታ ጉዳይ ነው። ተጨማሪ አየር መጭመቂያ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ በግምት 3 በመቶ ያህል ኃይል ያጣል። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚገኝ 15 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተገዛ ሞተር በዚያ የሚሰጠው ወደ 12 ያህሉን ነው። የንጋት ሐይቅ ግድቡ ሲሞላ 640 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ ይኸው ሞተር ከ14 በላይ ይሰጣል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ በሚበረታበት ጣና ላይ የተጫነ ጀልባ ወደ ዳር መመለስ አለመመለሱን የሚወስነው ይህ ልዩነት ሊሆን ይችላል።

የካርቡሬተር ሞተር ሌላም ችግር አለበት። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለው ወደ ከፍታ ሲወጣ አየሩ ስለሚሳሳ ነዳጁ ይበዛበታል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ቤንዚንም ይባክናል። ከ2,500 ሜትር በላይ በሆነችው እንጅባራ ነዳጁ ተቀንሶ የተስተካከለ ሞተር ደግሞ ወደ ንጋት ሐይቅ ቆላ ሲወርድ ነዳጅ ያንሰዋል። በተለይ ባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይቱን የሚያገኘው ከነዳጁ ጋር ተደባልቆ ስለሆነ የነዳጅ ማነስ ፒስተኑን ያግላል፣ ሊያቃጥለውም ይችላል። በመሆኑም በጋራዥ በር ላይ ያማረ ድምፅ ያሰማ ሞተር ገና አልተፈተነም፤ ፈተናው በሚሠራበት ውሃ ላይ፣ ሰውና ጭነት ይዞ መሆን አለበት። በኤሌክትሮኒክ መርጫ የሚሠሩ ባለ አራት ምት ሞተሮች ድብልቁን ራሳቸው ያስተካክላሉ፤ የአየሩን መሳሳት ግን እነርሱም አያካክሱም።

«እንግዲያው አዲስ ሞዴል ከተገዛ አዲሱ ቴክኖሎጂ ይገኛል» እንዳይባል ሌላ እውነታ አለ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በወጡ የጭስ ደንቦች ምክንያት የካርቡሬተር ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ከአሜሪካና ከአውሮፓ ገበያ ሲወጡ፣ ለአፍሪካና ለመሰል ገበያዎች መመረታቸው ቀጥሏል። ስለዚህ ዓመቱ የቅርብ የሆነ ሞተር በአሠራሩ የአሥርት ዓመታት ዕድሜ ያለው ሊሆን ይችላል። ይህ በራሱ ጉድለት አይደለም፤ ቀላልና በአካባቢ መካኒክ የሚጠገን በመሆኑ ጥቅም አለው። በሌላ በኩል ኤቪንሩድ የተባለው ስመ ጥር የሞተር ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2020 ምርቱ ቆሟል። የ2019 ሞዴል ሆኖም አምራች የሌለው ሞተር ከመለዋወጫ አንጻር በቅርብ ከሚገኝ አሮጌ ሞተር ያነሰ ዋጋ ሊኖረው ይገባል።

የቀፎና የሞተር መጣጣምም መታየት አለበት። ባለ አራት ምት ሞተር ተመሳሳይ ጉልበት ካለው ባለ ሁለት ምት ብዙውን ጊዜ ይከብዳል። ለቀላል ሞተር በተሠራ አሮጌ ቀፎ ላይ ሲሰቀል ጀልባው በኋላው ይሰምጣል፤ የበሰበሰ የኋላ ግድግዳ ካለውም ችግሩ ይብሳል።

ከዓመቱ ይልቅ ምን ይታይ?

ከላይ ከተባለው የሚከተሉት ምርመራዎች ይመነጫሉ። የሞተሩን ታችኛ ክፍል ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች መነቅነቅ፤ የኋላው ግድግዳ ከተንቀሳቀሰ በውስጡ መበስበስ አለ። ቀፎውን በትንሽ መዶሻ ማንኳኳት፤ ጠንካራው ጥርት ያለ፣ የላላው ደግሞ የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። የሲሊንደሮቹን የግፊት መጠን ሞተሩ ከሞቀ በኋላ መለካት፤ ከቁጥሩ ትልቅነት ይልቅ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው መቀራረብ ይበልጥ ይናገራል። የጊር ዘይቱን ጥቂት ማፍሰስ፤ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። በመጨረሻም የማቀዝቀዣውን ውሃ የሚገፋውን የጎማ ክፍል ማየት ያስፈልጋል። ጣና ደለል የበዛበት ሐይቅ ስለሆነ፣ እንቦጭም እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ በመስፋፋቱ፣ ይህ ክፍል በደለል ይበላል፤ የውሃ መግቢያውም በአረም ይደፈናል። አዲስ በተሞላ የግድብ ሐይቅ ደግሞ በውሃ የተዋጠ ግንድ ፕሮፔለሩን ሊመታ ስለሚችል የፕሮፔለሩ ዘንግ መጣመም መፈተሽ አለበት።

የቀሪ ዕድሜ ስሌት

እነዚህ ምርመራዎች ዋጋን ከሞዴል ዓመት ጋር ከማነጻጸር ይልቅ ከቀሪ አገልግሎት ጋር ለማነጻጸር ያስችላሉ። ለማስረጃነት ሳይሆን ለስሌት ያህል ሦስት ጀልባዎች እንውሰድ። ጀልባ ሀ በ300,000 ብር ተገዝቶ 180,000 ብር ጥገና ቢፈልግና 4 ዓመት ቢያገለግል በዓመት 120,000 ብር ያስወጣል። ጀልባ ለ በ540,000 ብር ተገዝቶ 60,000 ብር ጥገና ቢፈልግና 8 ዓመት ቢያገለግል 75,000 ብር ይሆናል። ጥገና የማይፈልገው አዲሱ ጀልባ ሐ በ900,000 ብር ተገዝቶ 10 ዓመት ቢያገለግል 90,000 ብር ይደርሳል። በዚህ ስሌት ርካሹም አዲሱም አልተመረጡም። ነገር ግን የጀልባ ለ ቀሪ ዕድሜ 8 ሳይሆን 5 ዓመት ሆኖ ቢገኝ ዓመታዊ ወጪው 120,000 ብር ይሆንና ከጀልባ ሀ ጋር ይስተካከላል። በግምት ላይ የሚፈጠር የሦስት ዓመት ስሕተት ምርጫውን ሙሉ በሙሉ ይሽረዋል። ልምድ ላለው መካኒክ የሚከፈል የምርመራ ዋጋ ብክነት ያልሆነው ለዚህ ነው።

ጀልባውና ዓሣው

ስሌቱ በውሃው ውስጥ ያለውን ዓሣ ካልጨመረ ጎዶሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አነሣሽነትና በሆላንድ በጎ አድራጊዎች ድጋፍ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ወደ ጣና ገባ። በ1987 39 ቶን የነበረው የንግድ ምርት በ1997 ወደ 360 ቶን አደገ። ይሁን እንጂ በጣና ብቻ በሚገኙት የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2001 እ.ኤ.አ. መካከል በአንድ ጉዞ የሚያዘው መጠን በሦስት አራተኛ ገደማ መቀነሱን አሳይተዋል። ከእነዚህ ዝርያዎች ብዙዎቹ በክረምት ለመራባት ወደ ገባር ወንዞች የሚወጡ በመሆናቸው በወንዝ አፍ ላይ የሚጣል መረብ እናቶቹን ያጠፋል።

የጀልባ ምርጫና የዓሣው ሀብት የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። በሞዴል ዓመቱ አዲስነት ተማርኮ ከአቅሙ በላይ የተበደረ ማኅበር የብድሩን ክፍያ ለማሟላት በዓሣው መራቢያ ወራት እንኳ ወደ ወንዝ አፍ ለመሄድ ይገፋፋል። ዓመታዊ ወጪው ዝቅ ያለ ጀልባ የያዘ ማኅበር ግን በእነዚያ ወራት መረቡን አንሥቶ ለመቆየት አቅም ይኖረዋል።

ማጠቃለያ

ያገለገለ የዓሣ ማስገሪያ ጀልባ አንድ «ምርጥ ሞዴል» የለውም። የቀፎው ዓመት፣ የሞተሩ ዓመትና የመጨረሻው ጥገና ዓመት ተለይተው፣ የዘመን አቆጣጠራቸውም ተጠቅሶ በውሉ ላይ ሊሰፍሩ ይገባል። ከእነዚህ በላይ ሚዛን የሚደፋው ግን ጀልባው ወደፊት በሚሠራበት ውሃ ከፍታና ጠባይ የሚገመተው ቀሪ ዕድሜው ነው። ከአዘና ተነሥቶ ወደ ጣና የሚወጣውና ወደ ንጋት የሚወርደው ገዥ አንድ ዓይነት ጀልባ ሊመርጡ አይችሉም። «ሞዴሉ ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ «በዚህ ውሃ ላይ ስንት ዓመት ቀረው?» በሚለው ቢተካ ገዥውም ሐይቁም ይጠቀማሉ።