አንድ ልብ ያላቸው ሦስት ኮምፒውተሮች

እ.ኤ.አ. በ1985 ለሥዕል፣ ለሙዚቃ ወይም ለኅትመት የሚሆን ኮምፒውተር ልግዛ ብሎ የተነሣ አሜሪካዊ ሦስት ማሽኖች ፊቱ ተደቅነው ነበር፤ የአፕል ማኪንቶሽ፣ አታሪ 520 ኤስቲ እና የኮሞዶር አሚጋ። የሦስቱም ልብ አንድ ነው። ሞቶሮላ በ1979 ያወጣው 68000 ፕሮሰሰር በሦስቱም ውስጥ አለ፤ ፍጥነቱም ከ7 እስከ 8 ሜጋኸርዝ ነው። ዋጋቸው ግን ለየቅል ነው። ማኪንቶሽ በ1984 ሲወጣ ሚሞሪው 128 ኪሎባይት፣ ስክሪኑ ጥቁርና ነጭ ሆኖ 2,495 ዶላር ተጠየቀበት። አታሪ 512 ኪሎባይት ይዞ፣ ከባለቀለም ስክሪኑ ጋር 999 ዶላር ነበር። አሚጋ ያለ ስክሪን 1,295።

በዋጋ ብቻ ከመዘንን አታሪን ይዞ ወደ ቤት ነው። ፕሮሰሰሩ አንድ ከሆነ ግን መመዘን ያለበት አጠገቡ የተቀመጠው ነው ባይ ነኝ።

አሚጋን የሠራው የጄይ ማይነር ቡድን ከፕሮሰሰሩ ጎን አግነስ፣ ዴኒስና ፓውላ የሚባሉ ሦስት ቺፖች አኖረ። አግነስ ምስልን ሚሞሪ ውስጥ ታንቀሳቅሳለች፣ ዴኒስ ስክሪኑን ትቀባለች፣ ፓውላ አራት ድምፅ ባንድ ጊዜ ታሰማለች፤ ፕሮሰሰሩ ፋታ ያገኛል። ይህን አቅም ለሠዓሊ ያደረሰው በዚያው ዓመት የወጣው የዳን ሲልቫ የሥዕል ፕሮግራም ዴሉክስ ፔይንት ነው። ከ4,096 ቀለሞች 32ቱን መርጦ መሣል ነው። በጣም የምወደው ግን በእሱ የሚሣለው ፏፏቴ ነው። ስክሪኑ ላይ ያለች እያንዳንዷ ነጥብ የምትይዘው የቀለም ተራ ቁጥር እንጂ ቀለሙን አይደለም። ሠዓሊው ውሃውን ከ10 እስከ 15 በተቆጠሩ ሰማያዊዎች፣ ከደማቁ ወደ ፈዛዛው እየደረደረ ይሥለዋል። ከዚያ ፕሮግራሙ ቀለሞቹን በየቁጥሩ ያዞራቸዋል፤ የ10 ሰማያዊ ወደ 11፣ የ11 ወደ 12 ይሻገራል፣ የ15 ዞሮ 10 ላይ ይገባል። አንዲት ነጥብ ሳትነካ ውሃው ቁልቁል ይወርዳል። የተለወጡት የስድስት ቁጥሮች ቀለሞች ብቻ ናቸው!

አታሪ ደግሞ ጀርባው ላይ ሁለት ክብ፣ ባለአምስት ቀዳዳ ሶኬቶች ነበሩት፤ የሙዚቃ መሣሪያን ከኮምፒውተር የሚያገናኘው የሚዲ መግቢያና መውጫ። በሌሎቹ ላይ ለብቻው የሚገዛውን አታሪ ይዞት ተወለደ፤ ሙዚቀኛው ሲንተሳይዘሩን በገመድ አገናኝቶ ሥራውን ይጀምራል። በጀርመን ስታይንበርግ የሙዚቃ ፕሮግራሙን ኩቤዝን በ1989 ያወጣው ለዚሁ ማሽን ነው። የሲ-ላብ ኖታተርም የተጻፈው ለአታሪ ነበር፤ ጸሐፊዎቹ ኋላ ያቋቋሙትን ኢማጂክን አፕል በ2002 ገዛው። የዛሬው የሙዚቃ ፕሮግራም ሎጂክ ፕሮ የዚያ ዘር ነው።

ውዱና ቀለም አልባው ማኪንቶሽስ? በ1985 የገጽ ማዘጋጃ ፕሮግራሙን ፔጅሜከርንና የሌዘር አታሚውን ሌዘርራይተርን አገኘ። አታሚው ብቻ 6,995 ዶላር ነበር፣ ከኮምፒውተሩ ዋጋ ከእጥፍ በላይ። ገጹን በመቀስና በሙጫ ሲያዘጋጅ ለኖረ አነስተኛ አሳታሚ ግን ገንዘቡን የሚመልስ ማሽን ይኸው ነበር።

ወደ አሚጋ ልመለስ፤ ጁላይ 1985 ኒው ዮርክ ሊንከን ሴንተር ሲመረቅ ሠዓሊው አንዲ ዋርሆል መድረክ ላይ የዘፋኟን የዴቢ ሃሪን ምስል በማሽኑ ቀለም ቀባ። በዚያው ሰሞን በአሚጋ የሠራቸው ሌሎች ሥዕሎች ፒትስበርግ በሚገኘው ሙዚየሙ በፍሎፒ ዲስክ ላይ ተኝተው ቀሩ። የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ክበብ አባላት ዲስኮቹን ሲያነቡ ፋይሎቹ የታወቀ ፕሮግራም የማይከፍታቸው ሆነው ተገኙ፤ አጻጻፋቸውን ራሳቸው መፍታት ነበረባቸው። በ2014 ይፋ ሲሆኑ ከመካከላቸው የካምቤል ሾርባ ቆርቆሮ ነበረች፣ በማውስ የተሣለች፣ መስመሯ የተንቀጠቀጠ።